ወንበሩን የገዛው ማን ነው?

ቻርለስ ዳርዊን በ1842 የለንደንን ጢስና ግርግር ሸሽቶ ዳውን ወደምትባል የገጠር መንደር ሲገባ የ33 ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው 40 ዓመታት በየማለዳው የሚሄድበት ቢሮ አልነበረውም። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ጨምሮ ስሙን ያስጠሩትን ሥራዎች የሠራው በዚያው ቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ ባለች አንዲት የንባብ ክፍል ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክፍሏን ለራሱ እንዲመች አድርጎ አደራጃት። ማይክሮስኮፑ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። በወንበሩ እግሮች ሥር ጎማ አስገጥሞ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሳይነሳ ይንሸራተት ነበር፤ ባለጎማ የቢሮ ወንበር ገና ባልተለመደበት ዘመን። ይጽፍ የነበረውም ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ በወንበሩ ክንዶች ላይ በተጋደመ ጨርቅ የለበሰ ሳንቃ ላይ ነው። በመርከብ ሆድና በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ የሚጣበቁ ቅርፊታም እንስሳትን ብቻ ለስምንት ዓመታት ያህል ያገላበጠው እዚያው ተቀምጦ ነው።

ክፍሉ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። ዳርዊን መንደሩ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1840፣ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በአገሩ ውስጥ የሚላክን ቀላል ደብዳቤ ዋጋ ርቀቱ ምንም ይሁን ምን አንድ ፔኒ አድርጎት ነበር። እርግብ አርቢውንም አትክልተኛውንም በሩቅ አገር ያለውንም ተመራማሪ በጥያቄ ያጣድፍ የነበረው በዚሁ ፖስታ ነው። እርሱ ከጻፋቸውና ከተቀበላቸው ደብዳቤዎች 15,000 ያህሉ ዛሬም ይታወቃሉ። የዚያ ዘመን ኢንተርኔት ብንለው ብዙም አናጋንንም።

ልጆቹ የአባታቸውን የሥራ ሰዓት ሁልጊዜ አያከብሩም ነበር። ገመድ፣ መቀስ፣ ቴምብር ወይም መዶሻ በጠፋቸው ቁጥር በሩን ከፍተው ይገቡበታል። ልጁ ፍራንሲስ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ከወንድማማቾቹ አንዱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሥራውን ትቶ እንዲጫወት ስድስት ፔኒ ጉቦ ሊሰጠው ሞክሯል። ቢሆንም በሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነበር። ዝግ እንዲሆን ያደረገችው ሚስቱ ኤማ ናት፤ ከኤማ ጀርባ ደግሞ የቤት ሠራተኞችና ሞግዚቶች ነበሩ። ቤቱ የተገዛውም በአባቱ ገንዘብ ነው። ከቤት መሥራት ያኔ የሀብታም ሰው ዕድል ነበር።

ለድሃው ከቤት መሥራት ሌላ ትርጉም ነበረው። ፋብሪካው ብዙውን ሰው ከቤቱ ነቅሎ ሲወስድ፣ ከ1874 ጀምሮ ደግሞ ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ ሠሪ ድርጅት ለገበያ ያቀረበው የጽሕፈት መኪና ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማ ቢሮዎች ሲያጎርፍ፣ በቤት የቀረው ሥራ በቁራጭ የሚከፈልበት ስፌት፣ ጥልፍና ቁልፍ መትከል ሆነ። በአሜሪካ ከተሞች ጠባብ ክፍሎች ውስጥ እናትና ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰፉበት ሥራ ክፉ ስም አተረፈ። የአሜሪካ መንግሥት በ1940ዎቹ በሰባት የልብስና የጌጣጌጥ ዘርፎች በቤት ማሠራትን እስከ መከልከል ደረሰ። ይህን እገዳ አንባቢ ይያዝልን፤ ከ40 ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ወደ ቤት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል።

በ1962 ሁኔታውን የለወጠችው አንዲት የ29 ዓመት ሴት ናት። ስቴፋኒ ሸርሊ በዶርትሙንድ፣ ጀርመን፣ ቬራ ቡኽታል ተብላ ነበር የተወለደችው። አባቷ ዳኛ ነበር፤ ናዚዎች አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው አባረሩት። በ1939 ክረምት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በአምስት ዓመቷ ከዘጠኝ ዓመት እህቷ ጋር የአይሁድ ሕፃናትን ወደ እንግሊዝ በሚያሸሸው ባቡር ተሳፈረች። አድጋ ለንደን ዶሊስ ሂል በሚገኘው የፖስታ ቤቱ የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች፤ ማታ ማታ እየተማረች በሒሳብ ዲግሪ ያዘች። ወደ ኮምፒውተር ሥራ የገባችውም በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ስትወልድ ሥራዋን መልቀቋ እንደ ደንብ ይቆጠር ነበር። ሸርሊ ይህን ብክነት አየችው፦ የሠለጠኑ፣ ሥራውን የሚወዱ፣ ግን ቤት የተቀመጡ ሴቶች። በስድስት ፓውንድ ካፒታል ከራሷ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኩባንያ ጀመረች። የምትሸጠው ሶፍትዌር ነው፤ ያኔ ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር በነፃ የሚሰጥ ነገር ስለነበር ብዙዎች ሳቁባት። የንግድ ደብዳቤዎቿ መልስ አጡ። ባሏ ዴሬክ «ስቴፋኒ» በሚለው ፈንታ «ስቲቭ» ብላ እንድትፈርም መከራት። መልስ መምጣት ጀመረ። ደንበኞቹ «ስቲቭ» ሴት መሆኗን የሚያውቁት ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው።

የዚያ ዘመን የቤት ቢሮ ዕቃ ዝርዝር ዛሬ ሲታይ ያስገርማል። ኮምፒውተር የለበትም። አንድ ኮምፒውተር ራሱን የቻለ ክፍል የሚሞላና ተራ ሰው የማይደርስበት ዕቃ ነበር። ፕሮግራም የሚጻፈው በእርሳስ፣ በወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ በፖስታ ይላካል፤ ካርድ ወይም ጥብጣብ ላይ ተበስቶ ማሽን ላይ ይሞከራል፤ ስህተቱም እንደገና ወደ ፕሮግራመሯ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ሸርሊ ለሥራ አመልካቾች ከምታቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ቤታቸው ስልክ አለ ወይ የሚል ነበር። መደበኛ ስልክ በየቤቱ ያልገባበት ጊዜ ነው።

ከመሣሪያዎቿ ሁሉ የሚያስቀው ግን ቴፑ ነው። በ1963 ወንድ ልጅ ወለደች። ደንበኛ ደውሎ የሕፃን ለቅሶ እንዳይሰማ፣ የጽሕፈት መኪና ኳኳታ ቀርጻ ስልክ በምታነሳበት ጊዜ ከጎኗ ታጫውተው ነበር። በመስመሩ ማዶ ያለው ሰው ጸሐፊዎች የሚርመሰመሱበት ሰፊ ቢሮ ይታየዋል። ልጇ ጃይልስ በኋላ ከባድ ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ፤ በ35 ዓመቱ በ1998 አረፈ። ከቤት የመሥራት ዘይቤዋ ለሌሎች እናቶች ብቻ የተፈለሰፈ አልነበረም፤ ለራሷም ግድ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1966 የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አን ሞፋትን በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ያሳያል፤ ሕፃን ልጇ አጠገቧ ናት። የምትጽፈው ለኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መዝጋቢ የሚሆን ፕሮግራም ነው። ከድምፅ ፈጥኖ ይበር የነበረው ያ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1969 ነው።

ታሪኩ ደስ ቢልም ጥላ አለበት። እነዚህ ሴቶች ነፃ ሙያተኛ ተብለው የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነበር። ጠረጴዛው የቤታቸው፣ ማሞቂያው የቤታቸው፣ ስልኩም የቤታቸው። ኩባንያው ቢሮ ባለመከራየቱ ያተረፈው፣ በከፊል ከእነርሱ ቤት የተበደረው ነው ማለት ይቻላል። ሸርሊ ብድሩን ከፍላለች ቢባል ግን ሐሰት አይሆንም፦ ከራሷ ድርሻ ላይ እየቀነሰች የኩባንያውን ሩብ ለሠራተኞቹ አስተላለፈች፤ ኩባንያው በ1996 ለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ ይህ እርምጃ በመጨረሻ 70 ያህል ሠራተኞችን ሚሊየነር አድርጓል። በ1975 የወጣው የፆታ መድልዎ ሕግ ደግሞ ሴቶችን ብቻ መቅጠርን ከልክሎ ወንዶችን እንድትቀጥር አስገደዳት። ሴቶችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ማረፉን እርሷ ራሷ እየሳቀች ታወራው ነበር።

በአትላንቲክ ማዶ ጉዳዩ የተነሳው ከሕፃን ሳይሆን ከመኪና ነው። ጃክ ኒልስ በጠፈር ቴክኖሎጂ የሠራ መሐንዲስ ነበር፤ በሎስ አንጀለስ አውራ ጎዳና ላይ ተገትሮ መዋል ያበሳጨዋል። ሰው ወደ ሥራ ከሚጓዝ ሥራው ወደ ሰው ቢጓዝስ? በ1973 ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ላይ ሞከረው። ሠራተኞቹ በየሰፈራቸው አቅራቢያ በተከፈቱ ትንንሽ ቢሮዎች ሠሩ፤ መረጃቸው በስልክ መስመር ወደ ዋናው ማሽን ይሄዳል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአረብ አገራት ነዳጅ ከለከሉ፤ በነዳጅ ማደያዎች ሰልፍ ሆነ። ሐሳቡ ከዚህ በተሻለ ሰዓት ሊመጣ አይችልም ነበር።

ውጤቱም መልካም ሆነ፤ ምርታማነት ጨመረ፣ ሥራ የሚለቀው ሰው ቀነሰ። ኩባንያው ግን አልቀጠለበትም። ኒልስ እንደሚያወሳው ሥራ አመራሩ ፍርሃት ያዘው፦ ተበታትነው የሚሠሩትን ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር ቢያደራጃቸውስ? የሠራተኛ ማኅበሩ በበኩሉ የተበተነን ሰው እንዴት አደራጃለሁ ብሎ ፈራ። ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ነገር ላይ በተቃራኒ ምክንያት ሲስማሙ እንዲህ ነው።

አይቢኤም በ1979 ወደ ጉዳዩ የገባው በፍልስፍና አይደለም። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳንታ ቴሬሳ ቤተ ሙከራ ዋናው ኮምፒውተር በተጠቃሚ ብዛት ተጨናነቀ። መጨናነቁን ለማቃለል በአምስት ሠራተኞች ቤት ተርሚናል ተተከለ፤ ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ያለው፣ ራሱ የማያስብ፣ በስልክ ሽቦ ከዋናው ማሽን ጋር የሚነጋገር ዕቃ። በ1983 ከቤት የሚሠሩት ወደ 2,000 ደርሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ልብ ይሏል፤ ዕቃውን የገዛውም የተከለውም አሠሪው ነው። የቤት ቢሮ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመን ብዙ አልቆየም።

አልቪን ቶፍለር በ1980 ባሳተመው ሦስተኛው ማዕበል በተባለው መጽሐፉ የነገው ቤተሰብ «የኤሌክትሮኒክስ ጎጆ» ውስጥ አብሮ እየሠራ እንደሚኖር ተነበየ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1981፣ አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ከ1,565 ዶላር ጀምሮ መሸጥ ጀመረ፤ ስክሪኑ በዚህ ዋጋ ውስጥ የለም። በዚያው ዓመት የወጣው ሄይስ ስማርትሞደም በሰከንድ 300 ቢት፣ ማለትም 30 ያህል ፊደል ያስተላልፍ ነበር። ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ለመላክ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሞደሙ ሲሠራ ደግሞ ስልኩ ይያዛል፤ አማት ብትደውል አታገኝም። ጎጆው ገና ጠባብ ነበር።

እነዚያ የሠራተኛ ማኅበራትም ዝም አላሉም። የአሜሪካ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1983 የኮምፒውተር ሥራን በቤት ማሠራት እንዲታገድ ጠየቀ። ቁልፍ በመትከልና ስፌት በመስፋት የተበዘበዙትን ሴቶች አልረሳም፤ ቁልፍ ሰሌዳ የሚመቱት ሴቶች ዕጣም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ሰጋ። መንግሥት በተቃራኒው ሄደ፤ በ1984 በሹራብ ሥራ ላይ የነበረውን በቤት የማሠራት እገዳ አነሣ፣ በ1988 ደግሞ ከሴቶች ልብስ በቀር የቀሩትን። ማኅበራቱን በዚህ ነገር ኋላ ቀር ናቸው ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በቁራጭ የሚከፈለው፣ መሣሪያውን በራሱ የሚገዛው የዛሬው የኦንላይን ሠራተኛ ሲታይ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

የቤት ቢሮ ምን እንደሆነ በሕግ መበየን ያስፈለገው ግብር ሲመጣ ነው። በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የማደንዘዣ ሐኪም በሦስት ሆስፒታሎች ይሠራ ነበር፤ አንዳቸውም ቢሮ አልሰጡትም። ትርፍ መኝታ ክፍሉን ቢሮ አድርጎ ሒሳብ ይሠራል፣ ለታካሚዎች ይደውላል፣ ይዘጋጃል፤ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት። የክፍሉን ወጪ ከግብሩ ላይ ሊያስቀንስ ጠየቀ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1993 ዳኞቹ 8 ለ 1 ፈረዱበት፦ የሥራህ ዋና ቦታ በሽተኛው ያለበት ሆስፒታል ነው፤ ክፍልህ አይደለም። ከውሳኔው በኋላ በየቤታቸው ሒሳብ የሚይዙ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞችና ሽያጭ ሠራተኞች ጮኹ። ምክር ቤቱ በ1997 ሕጉን ለወጠው፤ ከ1999 ጀምሮ ሌላ ቢሮ የሌለው ሰው የአስተዳደር ሥራውን የሚሠራበትን ክፍል ዋና የሥራ ቦታዬ ነው ማለት ቻለ። አንድ ሁኔታ ግን አልተነካም፤ ክፍሉ ለሥራ ብቻ መዋል አለበት። ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ጠረጴዛ በግብር ሕግ ዓይን ቢሮ አይደለም።

ወንበሩም የራሱ ታሪክ አለው። ቢል ስታምፍና ዶን ቻድዊክ ለኸርማን ሚለር ኩባንያ መጀመሪያ ያጠኑት ለረዥም ሰዓት የሚቀመጡ አረጋውያንን ወንበር ነበር። ስፖንጅ ሙቀት ያምቃል፣ ገላ ያቆስላል፤ ስለዚህ በስፖንጅ ፈንታ አየር የሚያሳልፍ መረብ ወጠሩበት። በ1994 ኤሮን ተብሎ ሲወጣ የገዙት አረጋውያን አልነበሩም፤ የሲሊከን ቫሊ ወጣቶች ናቸው። የኢንተርኔት ኩባንያዎች አረፋ ሲፈነዳ ወንበሮቹ በሐራጅ ተሸጡ።

1999 ከቤት ለሚሠራው ሰው ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው በሐምሌ ኒውዮርክ ላይ ታየ፤ ስቲቭ ጆብስ ኢንተርኔት የተከፈተበትን አይቡክ ላፕቶፕ በክብ ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ሽቦ እንደሌለው ለታዳሚው አሳየ። ዋይፋይ ቢሮውን ከግድግዳው ሶኬት ፈታው። ሁለተኛው በመስከረም መጣ፤ ጭብጨባ ግን አልነበረውም። ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባ።

ይህ ሁለተኛው ለአማርኛ ጸሐፊና ተርጓሚ ከወንበርም ከዋይፋይም ይበልጥ ነበር። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የየራሳቸውን መላ ፈጥረዋል፤ በካሊፎርኒያ መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው በ1980ዎቹ ከቀደሙት የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌሮች አንዱን ሠርቷል። በኋላም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ገቡ። ችግሩ ሁሉም የየራሱ ሰንጠረዥ ነበረው። ዋሽንግተን ያለ ተርጓሚ ሌሊቱን ተቀምጦ የጻፈውን አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ሲከፍተው፣ ያው ፎንት ከሌለው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይዘረገፍበታል። ፋይሉን በፋክስ ወይም በወረቀት መላክ ግድ ይሆን ነበር። ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዩኒኮዱን እስኪቀበሉ ተጨማሪ ዓመታት ፈጀ፤ በአማርኛ ከቤት መሥራት በእውነት የተቻለው ግን ከዚህ ወዲህ ነው።

ስካይፕ በነሐሴ 2003 ተለቀቀ፤ ድምፅ በነፃ ባሕር ተሻገረ። አሁን የጎደለው ማስረጃ ነበር። ከቤት የሚሠራ ሰው ይሠራል ወይስ ይተኛል?

መልሱ ከሻንጋይ መጣ። ሲትሪፕ የቻይና የጉዞ ወኪል ነው፤ ያኔ 16,000 ሠራተኞች ነበሩት። ከመሥራቾቹ አንዱ ጄምስ ሊያንግ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲማር ከኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ብሉም ጋር ተገናኘ። የሻንጋይ ቢሮ ኪራይ እየናረ ነበር። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር የስልክ መስመር ሠራተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ከ996 ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ፈቃደኛ ሆኑ፤ መስፈርቱን ያሟሉት ግን 249 ናቸው። መስፈርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሠራ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ያለውና በሥራ ሰዓት ሌላ ሰው የማይገባበት የራሱ ክፍል ያለው የሚል ነበር። የልደት ቀናቸው ሙሉ ቁጥር የሆነላቸው ወደ ቤት ሄዱ፣ ጎዶሎ የሆነባቸው ቢሮ ቀሩ።

ከቤት የሠሩት ሥራቸው በ13 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የሚለቁት በግማሽ ቀነሱ። ኩባንያው በአንድ ሠራተኛ በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ እንደሚቆጥብ አሰላ። ነገር ግን ሁለት ነገር ደግሞ ታየ። ከቤት የሠሩት፣ ካሳዩት ውጤት አንጻር ሲታይ፣ በዕድገት ወደ ኋላ ቀሩ፤ አለቃ የማያየውን አያሳድግም። ሙከራው ሲያልቅም ከቤት ከሠሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ልመለስ አሉ። ብቸኝነት ነበር ምክንያታቸው። ይህን ጥናት ከቤት ለመሥራት ጥብቅና ሲቆሙ የሚያነሱ ሰዎች 13 በመቶውን ይጠቅሳሉ፤ ስለ ክፍሉ መስፈርት ግን ብዙ ጊዜ አያነሱም። ጥናቱ የለካው በር ያለው ክፍል ያላቸውን ሰዎች ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወዛወዘ። የካቲት 2013 ያሁ ሠራተኞቹን ሁሉ ወደ ቢሮ ጠራ፤ ሥራ አስኪያጇ ማሪሳ ማየር በራሷ ወጪ ከቢሮዋ አጠገብ ለሕፃን ልጇ ክፍል ማሠራቷ ከዚያው ጋር ተዘገበና ተቃውሞው በረታ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የነበረው አይቢኤም ራሱ በ2009 ከ386,000 ሠራተኞቹ 40 በመቶው ከቢሮ ውጪ እንደሚሠሩ ሲናገር ቆይቶ፣ በ2017 ብዙዎቹን መልሶ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት መጋቢት አንድ በደቡብ ኮሪያ የሚኖር የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ከቤት ቢሮው ለቢቢሲ በቀጥታ ሲናገር የአራት ዓመት ልጁ እየተወዛወዘች ገባች፤ ሕፃኑ ወንድሟ በባለጎማ መቀመጫው ተከተላት፤ እናታቸው እየተንሸራተተች ሁለቱንም ጎትታ አወጣች። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሸርሊ በቴፕ የሸፈነችውን ነገር ዓለም በሙሉ አይቶ ሳቀ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። መጋቢት 16 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤት እንዲሠሩ ተወሰነ። የዙም የቀን የስብሰባ ተሳታፊ በታኅሣሥ 2019 ከነበረው 10 ሚሊዮን በሚያዝያ 2020 ወደ 300 ሚሊዮን የዘለለበት ሰሞን ነው። (አንድ ሰው በቀን አምስት ስብሰባ ቢገባ አምስት ጊዜ ይቆጠራል፤ ቢሆንም ዝላዩ ዝላይ ነው።)

በአዲስ አበባ ግን «ከቤት ሥሩ» ማለት ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ «ቤት ሁኑ» ማለት ሆነ። ፋይሉ መዝገብ ቤት፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩም የቢሮው። የቻለው ዳታ ሞልቶ በስልኩ ሥራውን በቴሌግራም አስኬደ፤ አስተማሪውም የትምህርት ጽሑፉን በዚያው ላከ። አልጋ ጫፍ ላይ፣ ቡና ረከቦት አጠገብ፣ ልጆች በቴሌቪዥን ትምህርት እየተከታተሉ ስብሰባ የገባው ሰው የጆሮ ማዳመጫ ከወንበር እንደሚቀድም ቶሎ ገባው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ለላፕቶፑ የቀረለት ባትሪው ብቻ ነው። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሳምንታት። ለውጭ ደንበኛ ከቤታቸው ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራመሮችና ተርጓሚዎች ያጋጠማቸውን ችግር ምንም ዓይነት ወንበር አይፈታውም።

በመስከረም 2020 ስፔን ከቤት ስለ መሥራት ሕግ አወጣች። በሦስት ወር ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ቢያንስ 30 በመቶውን ከቢሮ ውጪ የሚሠራ ሰው መሣሪያውን የሚገዛለት፣ ወጪውንም የሚሸፍንለት አሠሪው ነው አለች። ፖርቱጋል በ2021 መጨረሻ ተከተለቻት፤ አለቃ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሠራተኛውን እንዳያስቸግርም ደነገገች።

ብሉምና ሊያንግ በ2024 እንደገና መጡ፤ ኩባንያው አሁን ትሪፕ ዶት ኮም ይባላል። በ1,612 ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት መሥራት ዕድገትንም የሥራ ውጤትንም አልጎዳም፤ ሥራ የሚለቁትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። አማዞን ግን በዚያው ዓመት መስከረም የቢሮ ሠራተኞቹ ከጥር 2025 ጀምሮ አምስቱንም ቀን ቢሮ እንዲገቡ አዘዘ።

በአዲስ አበባ ከቤት የሚሠራ ሰው ዛሬ ከቢሮ ወንበር በፊት የሚገዛው ዩፒኤስና ፓወር ባንክ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሁለት ሲም፤ አንዱ መስመር ሲደክም በሌላው ለመቀጠል። ሕጉስ ምን ይላል? የ1996 ዓ.ም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 በቤት ስለሚሠራ ሥራ ውል ይደነግግ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም የተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይደነግጋል። አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረውና ሳይመራው፣ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ውል ማለት ነው። አሠሪው መዝገብ እንዲይዝም ያዛል፤ ለሠራተኛው የሰጠውን ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋ፣ ጥራትና መጠን ጭምር። ድንጋጌው ሲነበብ ሸማኔው፣ ፈታይዋና ልብስ ሰፊው በዓይን ይመጣሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለቦስተን ደንበኛ ኮድ የሚጽፈው ወጣት ግን በየደቂቃው ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳ ሶፍትዌር ተጭኖበታል፤ «ሳይቆጣጠረው» የሚለው ቃል አይገልጸውም። አሠሪው ሌላ አህጉር ነው፤ መዝገብ የለውም። የሰጠው ዕቃም የለም፤ ላፕቶፑን፣ ዩፒኤሱንና ሁለቱን ሲሞች የገዛው ወጣቱ ራሱ ነው።